ፒፓ ጀምሬ አልሆነልኝም፤ የግድ የሚያስፈልገው ዕቃ የትኛው ነው?

ጀማሪው፦

ሰላም ለሁላችሁ።

ባለፈው ወር ለልደቴ ጓደኞቼ ተዋጥተው አንድ ሣጥን ሰጡኝ። ሲከፈት ያምራል። ጎበጥ ያለ፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ ፒፓ አለው። ከሱ ጋር ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ እያፏጨ ሰማያዊ እሳት የሚተፋ ላይተር፣ የቆዳ ከረጢት፣ ሦስት ነገር ያለው ተጣጣፊ ብረት፣ ትንንሽ ነጭ ሲሊንደሮች የያዘ ፓኬት (ምን እንደሆኑ ስላልገባኝ አልነካኋቸውም) እና አንድ ቆርቆሮ ትምባሆ አለ። ትምባሆው ቫኒላ ቫኒላ ይላል።

አራት ጊዜ ሞከርኩ። አራቱም ጊዜ ያው ነው። ለኩሼው ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ይጠፋል። እንደገና እለኩሳለሁ፤ እንደገና ይጠፋል። ግማሽ ላይ ሲደርስ ውስጡ ይንቆረቆራል። አንዴማ መራራ ቡናማ ውሃ አፌ ውስጥ ገባ። በማግስቱ ምላሴ በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ ይመስል ነበር። የፒፓው ከንፈር (ትምባሆ የሚሞላበት አፍ ጠርዙ) ደግሞ በአንድ ጎኑ ከስሎ ተቦርቡሯል።

መረጃ ስፈልግ የማገኘው ዝርዝር ሃያ ሠላሳ ዕቃ ነው። መፋቂያ፣ መወልወያ፣ እርጥበት መጠበቂያ፣ መደርደሪያ፣ ማለቂያ የለውም። ገንዘቤን በማይረባ ነገር ላይ መጨረስ አልፈልግም። ግን ነገሩን ከልቤ ልማረው እፈልጋለሁ። የጠፋው ከኔ ነው ከዕቃው? የግድ የሚያስፈልገውስ የትኛው ነው?

ይህንንም ልናገር፦ ሲጋራ አጨስ ነበር፤ ካቆምኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል።

---

ቀስ በል፦

ወንድሜ ጀማሪው፣ እንኳን ደህና መጣህ። እኔ ፒፓ ከያዝኩ 26 ዓመቴ ነው። የነገርከን ሁሉ በኔም ላይ ደርሷል፤ ስለዚህ ዘለግ አድርጌ ልመልስልህ።

መጀመሪያ ግን ከዕቃ በፊት የሚመጣ ነገር አለ። ሲጋራ ካቆምክ ሁለት ዓመት ሆኖሃል ብለሃል። ፒፓም ኒኮቲን ነው። ጭሱን ወደ ሳንባ ባትስበውም ኒኮቲኑ በአፍህ በኩል ይገባል። የአፍ፣ የጉሮሮና የሳንባ ካንሰር ከፒፓም ይመጣል። ሲጋራ ያጨስ የነበረ ሰው ደግሞ ሳያውቀው ጭሱን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ሳንባው ለምዶታል። ሁለት ዓመት ታግለህ ያገኘኸውን ነገር በአንድ ሣጥን ስጦታ እንዳታጣው እፈራለሁ። ይህን ሳልነግርህ ዕቃ ብዘረዝርልህ ወንድምነት አይሆንም። አስብበት። ካሰብክበት በኋላም ልቀጥል ካልክ፣ የማውቀውን እነሆ።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። ከአንድ ጠርሙስ በስተቀር ሁሉም በኮት ኪስ ይገባል። ቀዳዳው በደንብ የተበሳ ፒፓ፣ የማጽጃ ሽቦ፣ መጠቅጠቂያ፣ ክብሪት፣ በቃ። ጠርሙሱ ለትምባሆው ነው። ማቆሚያው፣ ከረጢቱ፣ መደርደሪያው ሲኖር ደስ ይላል፤ ባይኖር ምንም አይጎድልም።

ከሽቦው ልጀምር፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው መጨረሻ ላይ የሚያስታውሰው እሱን ነው። ለኔ ግን ከፒፓው ቀጥሎ የሚመጣ ዕቃ እሱ ነው። ጥጥ የለበሰ፣ እንደ ክር የሚተጣጠፍ ቀጭን ሽቦ ነው። ሥራው ማጽዳት ብቻ አይደለም። ፒፓ ለመግዛት ስትሄድ ኪስህ ውስጥ አንድ ይዘህ ሂድ። ሻጩን አስፈቅድና ሽቦውን በመምጠጫው (አፍህ ውስጥ በሚገባው ጫፍ) በኩል አስገባው። ቀስ እያልክ ግፋው። ጥሩ ፒፓ ከሆነ መምጠጫው ሳይነቀል፣ ምንም ሳይታገልህ፣ ጫፉ በፒፓው ሆድ (ትምባሆው በሚሞላበት ጎድጓዳ) ውስጥ ብቅ ይላል። የት ላይ ብቅ እንዳለ ዓይንህን ጠጋ አድርገህ እይ። ከወለሉ ጋር እኩል ከሆነ ግዛው። ከወለሉ ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ከወጣ ግን፣ ከቀዳዳው በታች ያለው ትምባሆ አየር አያገኝም። እዚያ ያለው ሁልጊዜ ረጥቦ፣ ጠቁሮ፣ ሳይነድ ይቀራል። ዕድሜ ልክህን ብታጸዳው አይስተካከልም።

ሽቦው መሐል ላይ ከቆመ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። መምጠጫው ወደ አንገቱ የሚገባበትን ቦታ ተመልከት። ወንዴው (የመምጠጫው ገቢ ጫፍ) ከሴቴው (አንገቱ ላይ ካለው መግቢያ ጉድጓድ) ካጠረ፣ ከፊቱ ባዶ ጉድጓድ ይቀራል። ትምባሆ ሲነድ እንፋሎት ይሰጣል። እንፋሎቱ በጠባቡ መንገድ ይመጣና ያ ጉድጓድ ጋ ሲደርስ ይቀዘቅዛል፤ ውሃ ይሆናል። ያ ነው የሚንቆረቆረው። ያ ነው አፍህ ውስጥ የገባው። እያጨስክ ሳለ መንቆርቆር ከጀመረ፣ ሽቦ እስከ ሆዱ ሰደህ አንድ ሁለት ሰከንድ ትተህ ታወጣዋለህ። ረጥቦ ይወጣል፤ ድምፁም ወዲያው ይጠፋል። ሽቦ የማያልፍበት ፒፓ ይህን ዕድል አይሰጥህም። ለዚህ ነው ፒፓን በመልኩ ሳይሆን በቀዳዳው ምረጥ የምለው።

አሁን ወደ ፒፓው። ለጀማሪ የምመክረው ከበቆሎ ቆረቆንዳ የተሠራውን ነው። ሰው ሲያየው ይንቀዋል፤ የልጆች መጫወቻ ይመስለዋል። በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ዋሽንግተን በምትባል ትንሽ ከተማ ከ1869 ጀምሮ ይሠራል። ለዚሁ ተብሎ ወፍራም ቆረቆንዳ ያለው በቆሎ ይዘራል። ቀላል ነው፤ ጥርስ አያደክምም። እርጥበት ይመጥጣል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥሩ ያጨሳል። ስህተት ብትሠራበትም አንጀትህ አይቃጠልም።

ሁለተኛው ብራየር ነው። ብራየር በሜዲትራኒያን ዙሪያ የሚበቅል ኤሪካ አርቦሪያ የሚባል ቁጥቋጦ ነው። ለፒፓ የሚሆነው ግንዱ አይደለም፤ ሥሩ ላይ የሚያብጠው እብጠት ነው። ተቆርጦ ለሰዓታት ይቀቀላል፤ ከዚያ ለወራት ይደርቃል። እብጠቱ እሳት ይችላል። በፈረንሳይ ሴንት ክሎድ የምትባለው ከተማ ዝነኛ የሆነችው በዚህ ሥራ ነው። ብራየር ስትመርጥ ከሚያብረቀርቀው ሽሽ። ወፍራም ቫርኒሽ ሲሞቅ ያብጣል። ከሥሩም በመሙያ የተደፈነ ቀዳዳ ሊደብቅ ይችላል። የእንጨቱ መስመር የሚታይበት፣ ቀለል ያለ ሰም ብቻ የተቀባ ይሻልሃል። የሆዱ ስፋት 19 ወይም 20 ሚሊሜትር፣ ጥልቀቱ ከ35 እስከ 40 ቢሆን ለብዙው ትምባሆ ይስማማል። ግድግዳው ቀጭን ከሆነ እጅህን ያቃጥልሃል።

ጎባጣ ይሻላል ቀጥ ያለ? ጎባጣው ጥርስ ላይ ይቀላል። ቀጥ ያለው ሽቦ በቀላሉ ያሳልፋል። እኔ ለጀማሪ ቀጥ ያለውን እመርጣለሁ።

ያ ተጣጣፊ ብረት ሣጥንህ ውስጥ ካለው ሁሉ የሚረባህ ነው፤ እንዳትጥለው። ጠፍጣፋው ራስ ለመጠቅጠቅ ነው። ሹሉ ሲጠብቅ ለማላላት። ማንኪያ መሰሉ መጨረሻ ላይ አመዱን ለመዛቅ። ጠፍጣፋ ራስ ያለው ወፍራም ምስማርም ይሠራል።

ያን የሚያፏጭ ላይተር ግን ከፒፓህ አርቀው። ከንፈሩን ያከሰለብህ እሱ ነው። ያ እሳት በአንድ ቦታ ላይ ያተኩራል፤ እንጨቱን እንደ ትምባሆው ያነደዋል። ክብሪት ያዝ። ስትጭረው ወዲያው አታስጠጋው፤ ራሱ ነዶ እስኪያልቅ ጠብቅ፤ አለዚያ ያ ሽታ ትምባሆው ውስጥ ይገባል። ከዚያ እንጨቱ ብቻ ሲነድ፣ እሳቱን ከትምባሆው በላይ ይዘህ ክብ አዙረው። ስትስብ ነበልባሉ ራሱ ጎንበስ ይላል። ላይተር ካልክ ቢጫና ለስላሳ ነበልባል ያለው የጋዝ ላይተር ይሁን።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የምጠረጥረው ትምባሆህን ነው። ሽታ የተጨመረበት ትምባሆ እንዳይደርቅ የሚያደርግ ነገር ይገባበታል፤ ፕሮፒሊን ግላይኮል ይባላል። ከቆርቆሮው እንደወጣ ብታጨሰው ውሃ እያፈላህ ነው። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን አነሳና ነጭ ወረቀት ላይ እበትነዋለሁ። ክሩን አንድ በአንድ በጣቴ አላቅቀዋለሁ። ሠላሳ ደቂቃ፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት እተወዋለሁ። ከዚያ ቆንጠር አድርጌ በሁለት ጣት እጨምቀዋለሁ። ስለቀው ተጣብቆ ከቀረ ገና ነው። ቀስ ብሎ ከተፍታታ ደርሷል። ከተንኮሻኮሸ አልፎበታል። ሽታ የተጨመረበት ደግሞ መቼም ሙሉ በሙሉ አይደርቅም፤ ስለዚህ ሌላ ትምባሆ እንድትሞክር እመክርሃለሁ። ቡርሌይ የሚባለው የትምባሆ ዓይነት የበዛበት ለጀማሪ ገር ነው። ስኳሩ ትንሽ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይነዳል። ቨርጂኒያ ጣፋጭ ነው፤ ግን ስኳሩ ብዙ ነው፤ ቸኩለህ ከሳብከው ምላስህን ይቀጣሃል። ላታኪያ በእሳት ጭስ የታጠነ ነው። ስሙ ከሶሪያው ወደብ የመጣ ነው፤ ዛሬ በብዛት የሚመጣው ግን ከቆጵሮስ ነው። አንዳንዱ ሰው በመጀመሪያው ቀን ይወደዋል፤ አንዳንዱ ጨርሶ አይወደውም።

አሞላሉም አለ። በሦስት ዙር ሙላው። መጀመሪያ ትምባሆውን ዝም ብለህ ነስንሰው፣ ልጅ እንደሚነካ አድርገህ ጫን በለው። ሁለተኛውን ትንሽ ጠንከር። ሦስተኛውን ከሱም ጠንከር። ሳትለኩሰው ሳበው። በቀጭን መጠጫ ውሃ ሲሳብ የሚሰማህን ያህል ብቻ መቃወም አለበት። ከከበደህ ገልብጠህ እንደገና ሙላው፤ በእሳት አይስተካከልም። የመጀመሪያው ልኮሳ ትምባሆውን ያስነሳዋል፤ ያብጣል። በመጠቅጠቂያው ሳትጫን ደልድለው። ከዚያ ሁለተኛ ለኩስ። አሁን ይዟል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ስሜ ነው። ቀስ በል። እንደ ሲጋራ አትሳበው። አንድ ሙሉ ፒፓ አርባ አምስት ደቂቃ፣ አንድ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ቢጠፋ እንደገና ለኩሰው፤ የጠፋ ፒፓ ውድቀት አይደለም። ሆዱን በመዳፍህ ያዘው። ጉንጭህ ላይ ስታስጠጋው የማያስችልህ ከሆነ ቸኩለሃል፤ አስቀምጠው ይቀዝቅዝ።

አንድ የደረሰብኝን ልንገርህና ልጨርስ። በሁለተኛው ዓመት የምወደው ቀጥ ያለ ብራየር ነበረኝ። አጭሼ እንደጨረስኩ፣ ገና ትኩስ እያለ፣ ላጸዳው ብዬ መምጠጫውን ነቀልኩት። ቀጭ አለ። ወንዴው ውስጥ ቀረ። እንጨቱና የመምጠጫው ጎማ እኩል አይሞቁም፣ እኩል አይቀዘቅዙም። እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ። ስትነቅለውም አትጎትተው፤ እያዞርክ አውጣው።

ጠርሙሱን ረስቼው። ቆርቆሮ ከተከፈተ በኋላ ትምባሆውን ክዳኑ ጥብቅ የሆነ አፈ ሰፊ የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ አድርገው። ጨለማ ቦታ አስቀምጠው። የቆዳ ከረጢት ለአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ለሳምንት አይሆንም።

---

ነጩ ሚርሻም፦

ጋሼ ቀስ በል ያሉትን ሁሉ እቀበላለሁ። አንድ ነገር ግን አልፈዋል፤ ምናልባት ዋናው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ጀማሪው፣ እነዚያ ነጭ ሲሊንደሮች ፊልተር ናቸው! መለካት ከቻልክ ለካቸው። 9 ሚሊሜትር ውፍረት ካላቸው ፒፓህ የተሠራው በነሱ ልክ ነው። መምጠጫውን (ቀዝቃዛ ሲሆን) ንቀለውና ውስጡን እይ። ትልቅ ክፍት ቦታ ታገኛለህ። ያ ቦታ ፊልተሩ የሚቀመጥበት ነው። አንተ ባዶውን ስታጨስ ነበር። ጋሼ ያሉት የእንፋሎት ጉድጓድ አንተ ጋ የአንድ ጣት ርዝመት አለው ማለት ነው። ቢንቆረቆር አይገርምም።

ሁለት መንገድ አለህ። አንዱ ፊልተሩን መጠቀም። አብዛኛው በውስጡ የተፈጨ ከሰል አለው፤ እርጥበቱን ይመጥጣል። ከአንድ ሁለት ጊዜ በኋላ ይጣላል። ፊልተሩ ውስጥ እያለ ሽቦ እንደማያልፍ እወቅ። ሁለተኛው፣ በፊልተሩ ቦታ የሚገባ መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ትንሽ ማጥበቢያ አለ። እሱን ብታገኝ ፒፓህ እንደማንኛውም ፒፓ ይሆናል፤ ሽቦም ያልፋል።

እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ትንሽ ልዩነት አለኝ። ብዙ የቆዩ አጫሾች ፊልተርን ይጠላሉ። ጣዕም ይቀንሳል ይላሉ፤ እውነት ነው ይቀንሳል። ግን ለጀማሪ ምላስ ማረፊያ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት በፊልተር ነው ያሳለፍኩት፤ አልተጸጸትኩም። ሰው መሳብን እስኪለምድ ድረስ ከውሃውና ከሙቀቱ ጋር ከሚታገል ትንሽ ጣዕም ቢያጣ ይሻላል። ብቻ ፊልተር ገባ ማለት ጉዳቱ ቀረ ማለት እንዳይመስልህ። እርጥበት ነው የሚይዘው፤ ካንሰሩን አይደለም።

ስሜን ያየ ሰው ስለ ሚርሻም እንድናገር ይጠብቃል። ለአንተ አሁን አይሆንም። ሚርሻም ለስላሳ ነጭ ማዕድን ነው። ታዋቂው ከቱርክ ኤስኪሼሂር ከመሬት ሥር ይወጣል። ገና እርጥብ እያለ በቢላ ይቀረጻል። ያለፈውን ትምባሆ ሽታ እንደ ብራየር አይዝም፤ ሲውል ሲያድር ደግሞ ከነጭ ወደ ማር ቀለም ይሄዳል። እኔ ያለኝ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከሥሩ ጀምሮ እስከ ወገቡ ወርቅማ ሆኗል። ግን ከእጅ ከወደቀ አለቀለት። መጀመሪያ እጅህን አስለምድ።

---

ጠጋኟ፦

የአሮጌ ፒፓ ጥገና ሥራዬ ነው፤ አምስት ዓመት ሆነኝ። ሰዎች ያበላሹትን ስለማይ ከዚያ ወገን ልናገር።

ወደኔ የሚመጣው ፒፓ አብዛኛው የሞተው በሦስት ነገር ነው። በላይተር እሳት፣ ትኩስ እያለ በመነቀል፣ እና ባለመጽዳት። ሁለቱን ጋሼ ተናግረዋል። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልጨምር።

ብራየር ስታጨስበት ሆዱ ውስጥ ጥቁር የጥቀርሻ ሽፋን ይሠራል። ይህ ቆሻሻ አይደለም፤ እንጨቱን ከእሳት የሚጠብቀው እሱ ነው። ስለዚህ አዲስ ፒፓ ያለው ሰው በየቀኑ እየፋቀ እንጨቱን ባያራቁተው ደስ ይለኛል። አመዱን አራግፍ፣ ሽቦ አሳልፍ፣ በቃ። ሽፋኑ ከአንድ ሚሊሜትር ከግማሽ በላይ ሲሄድ ግን መቀነስ አለበት። ከወፈረ ሲሞቅ ግድግዳውን ይገፋዋል፤ የተሰነጠቀ ፒፓ ይመጣልኛል። ይህ ለብራየር ነው። ሚርሻም ላይ ሽፋን አይተውም። ቆረቆንዳውን ደግሞ በስለት አትንኩት፤ ውስጡን ትበሱታላችሁ። ስለዚህ ጀማሪው፣ መፋቂያ ለሚባለው ዕቃ ገና ቢያንስ አንድ ዓመት አለህ። አትግዛ።

መምጠጫው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ነገር ነው የሚሠራው። አንዱ ኤቦናይት ነው፤ ጎማ በድኝ ጠንክሮ የሚሠራ። ለጥርስ ይመቻል፣ ገር ነው። ግን ፀሐይ ካገኘው ቀለሙ አረንጓዴ ቡናማ ይሆናል፣ ጣዕሙም ይከፋል። ሌላው አክሪሊክ ነው። ይጠነክራል፣ ሁሌም ያብረቀርቃል፣ ጥርስ ላይ ግን ደረቅ ነው። ፒፓቸውን መስኮት ላይ በሚያምር መደርደሪያ የሚደረድሩ ሰዎች ኤቦናይታቸውን ወደኔ ሊያመጡት ነው የሚያስቀምጡት። መሳቢያ ውስጥ ይሻላል።

ሁለተኛ ፒፓ ያስፈልግሃል፤ ይህ ቅንጦት አይደለም። እንጨት የጠጣውን እርጥበት የሚያደርቀው ሲያርፍ ነው። ዛሬ ያጨስክበትን ነገ ተወው። ሽቦ ውስጡ ትተህ ብታሳድረው የቀረውን ይመጥጣል። ሁለት ፒፓ ያለው ሰው አንዱን ያሳርፋል። አንድ ብቻ ያለው በላይ በላዩ ያጨስበታል፤ ከዚያ «ፒፓዬ መራራ ሆነ» ብሎ ይጽፍልኛል።

ሁለተኛውን አሮጌ ብትገዛ አልቃወምም። በደንብ የተሠራ አሮጌ ብራየር ከደካማ አዲስ ይበልጣል። ስትገዛ ግን መብራት ይዘህ ሆዱን እይ። ወለሉ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጠቀ ከሰል ካየህ እንጨቱ ተቃጥሏል፤ ተወው። ከንፈሩ ትንሽ ቢጠቁር ይጸዳል። መምጠጫው ላይ የጥርስ ምልክት ቢኖር ይስተካከላል። ቀዳዳው ግን አይስተካከልም፤ እዚያ ላይ ጋሼ ያሉት የሽቦ ነገር ትክክል ነው። እኔም ፒፓ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማደርገው እሱን ነው።

የከሰለው ከንፈርህ በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ይሻሻላል፤ ተቦርቡሮ ከሆነ ግን ያው ይኖራል። አይጎዳህም።

---

ቀስ በል፦

ነጩ ሚርሻም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሲሊንደሮቹን አንብቤ አልፌያቸዋለሁ። እኔ ፊልተር ተጠቅሜ ስለማላውቅ ዓይኔ አላያቸውም። የልጁ ችግር እዚያ ነው።

ጠጋኟ እህቴ ስለ ሁለተኛው ፒፓ ያለችውን ከኔ ዝርዝር ውስጥ ጨምሩልኝ። ሁለት ፒፓ። ልክ ነች።

---

ጀማሪው፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አራት ቀን የቆየሁት ሳልሞክር መመለስ ስላልፈለግኩ ነው።

መምጠጫውን ነቀልኩት። እውነትም እንደ ዋሻ ነው። ሲሊንደሩ ልክ ገጠመ። ከዚያ በፊት ግን ጋሼ እንዳሉት ሽቦ ሰደድኩ። ያ ሽቦ ሲወጣ ያየሁትን አልረሳም፤ ጥቁር ነበር፤ እስከ ጣቴ ድረስ ይንጠባጠባል። ስድስት ሽቦ ነው የፈጀሁት፤ ስድስተኛው ቡናማ ብቻ ሆኖ ወጣ። ጫፉ ሆዱ ውስጥ የወጣው ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። የክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል። ያ ብዙ ነው?

አንድ የቆረቆንዳ ፒፓም አግኝቻለሁ። ቀጥ ያለ ነው። የቡርሌይ ትምባሆም አገኘሁ።

ትናንት ማታ ወረቀት ላይ በተንኩት። አርባ ደቂቃ ጠበቅኩ። ስጨምቀው ተጣበቀ፤ ሌላ ሩብ ሰዓት ተውኩት። በሦስት ዙር ሞላሁ። መጀመሪያ የሞላሁት አልሳብ አለኝ፤ ገለበጥኩትና እንደገና ሞላሁት። በክብሪት ለኮስኩ። ጎበጥ ብሎ ተነሣ፤ ደለደልኩት፤ እንደገና ለኮስኩ። ሦስት ጊዜ ጠፋብኝ፤ ሦስቴ ለኮስኩት። ግን አልተንቆረቆረም! ምላሴም ዛሬ ደህና ነው። መሐል ላይ ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ አንድ ጣዕም መጣ፤ የተጠበሰ እንጨት የመሰለ፣ ለስላሳ። ከዚያ በፊት በፒፓ አንድም ጊዜ ጣዕም አግኝቼ አላውቅም፤ ሙቀት ብቻ ነበር።

ጋሼ፣ ስለ ሲጋራው ያሉኝን አስቤበታለሁ። ሁለት ጊዜ ሳላስበው ወደ ውስጥ ስቤያለሁ፤ ራሴን ያዝኩት። ለራሴ የወሰንኩት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ሲጋራው ትዝ ካለኝ ፒፓውንም አቆማለሁ። ለባለቤቴም ነግሬያታለሁ፤ ትጠብቀኛለች።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የቆረቆንዳው ሥር ላይ አንድ ጣት ጫፍ የሚያህል ትምባሆ ሳይነድ ቀረ። እርጥብ ነው። ሦስት ክብሪት ጨርሼበታለሁ። እንዴት ነው የሚጨረሰው?

---

ጠጋኟ፦

የክብሪት እንጨት ውፍረት ብዙም አይደለም። ለዚያ ዓይነት ሣጥን ደህና ነው። ከአጨሳ በኋላ ሥሩን በማንኪያው አጥራ እንጂ ቀዳዳውን በመርፌ ልታሰፋው እንዳትሞክር። እንዲህ የተደረገ ስንት አይቻለሁ።

---

ቀስ በል፦

ልጄ፣ ደስ ብሎኛል። በተለይ ለባለቤትህ መንገርህ። የወሰንከውን ጠብቅ።

የቀረውን አትጨርሰው። እርጥበቱ ሁሉ ወርዶ የተጠራቀመው እዚያ ነው። ሦስት ክብሪት አቃጥለህ የምታገኘው ያን መራራ ውሃና የተለበለበ ምላስ ብቻ ነው። ጣዕሙ ሲያልቅ ፒፓው አልቋል። እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ፤ በማንኪያው አውጣውና ጣለው፤ ሽቦ አሳልፍ። ቆረቆንዳውን ሳትፍቀው።

በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ትምባሆውን አስር ደቂቃ ጨምረህ አድርቀው። የሚቀረው ይቀንሳል።